ለዓሣ የማይበጅ ንጹህ ውሃ

ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ለልደቱ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅነው። «ዓሣ» አለን። ባለቤቴ ምሳ መስሎት «ጥብስ ነው ጉላሽ?» አለው። ልጁ አለቀሰ። በማግስቱ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየምና አምስት ጉፒዎች ይዘን ቤት ገባን።

ሁለት ወር ሰላም ነበር። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን በባልዲ አሳድሬ እጨምርላቸዋለሁ። ከዚያ ወጥ ቤታችን ውስጥ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን የውሃ ማጣሪያ አስገጠምን። እኛ የተጣራ እየጠጣን ዓሦቹ የቧንቧ ውሃ ውስጥ መዋላቸው አሳዘነኝ። አንድ ቅዳሜ ከአኳሪየሙ ከግማሽ በላይ ቀድቼ ደፋሁና በተጣራው ሞላሁት። ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ሞተው ነበር። ልጄ «ውሃው ቆሽሾ ነው?» አለኝ። ተቃራኒውን እንዴት ላስረዳው?

ይህ ማጣሪያ ውሃውን እጅግ ረቂቅ በሆነ ስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት ያሳልፈዋል። ክሎሪኑ ቀድሞ በከሰሉ ካርትሪጅ ይቀራል፤ ሽፋኑ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየምን ጨምሮ አብዛኛውን የሟሟ ማዕድን ያስቀራል። ለሻይ ማፍያችን ግሩም ነው፤ ያ ነጭ ቅርፊት አይጋገርበትም። የጉፒ ነገር ግን ሌላ ነው። የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ዓሣ ሰውነቱ ከሚኖርበት ውሃ የበለጠ ጨው ስላለው፣ ውሃው በስንጥቡ በኩል ሳያቋርጥ ይገባበታል። እሱም ትርፉን በሽንት እያስወጣ ጨዉን ለመያዝ ይታገላል። ማዕድኑ በአንድ ቀን ሲጠፋበት ትግሉ ይከብደዋል። የውሃውን ፒኤች የሚያረጋጋው ካርቦኔትም አብሮ ስለሚሄድ አሲድነቱ በድንገት ሊለዋወጥ ይችላል። በሥራዬ «ንጹህ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ራሴ ገዢ ስሆን ግን ረሳሁት።

አሁን ግማሹን ካደረ የቧንቧ ውሃ፣ ግማሹን ከማጣሪያው ቀላቅላለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አልቀይርም፤ ሙቀቱም እንዲቀራረብ አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ለጉፒ ያደረው የቧንቧ ውሃ ብቻውን ይበቃ ነበር። የተጣራው በእርግጥ የሚጠቅመው እንደ ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ላሉ ለስላሳ ውሃ ለሚወዱ ዓሦች ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ለአኳሪየም የተዘጋጀ ማዕድን ይጨመርላቸዋል። የምግብ ጨው ካልሲየምና ማግኒዚየምን አይተካም፤ እንዳትሞክሩት።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነገር የሚፈሰው ነው። ብዙ የቤት ማጣሪያዎች አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስት ሊትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ፍሳሽ ይሰዳሉ። በእኔ ስሌት ለ15 ሊትር የተጣራ ውሃ 45 ሊትር መድፋት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ሮቶ ሞላልን ብለን እልል የምንል ሰዎች ነን! አሁን የፍሳሹን ቱቦ ጀሪካን ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ለወለል መወልወያና ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።

የተረፉት ሁለቱ ጉፒዎች ወልደዋል። ልጄ በየቅዳሜው የሊትር ማሰሮውን ይዞ አጠገቤ ይቆማል፤ «አንድ ከባልዲው፣ አንድ ከማጣሪያው» እያለ ይቆጥርልኛል፤ ከተሳሳትኩም ያስቆመኛል።