ከሳሎኑ ኮርኒስ በፊት የማድቤቱ መተንፈሻ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጉና የሚወርደው ብርድ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ በከተማውም ሆነ በፋርታ ገጠር ቤት ሲሠራ ቀዳሚው ሐሳብ ብርድ እንዳይገባ ነው። ቀዳዳው በጭቃ ይመረጋል፣ በጆንያ ይወተፋል፣ መስኮቱም ይጠባል። ብርዱን የከለከለው ግድግዳ ግን ጭሱንም ከውስጥ ይቆልፈዋል።

የሳር ክዳን ቤት መስኮት ባይኖረውም ጭሱ በሳሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ጤናማ ነበር ማለት አይደለም፤ በጥላሸት የጠቆረው ጣሪያ ምስክር ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ግን ያችም መውጫ ቀረች። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ሲደፈን፣ ከሥሩም ኮርኒስ ሲወጠር ቤቱ ዘመነ ይባላል። ምድጃው ግን ያው የባሕር ዛፍና የኩበት ምድጃ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ምጣዱ ፊት የምትቆመው እናትና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል።

የተለመደው ምክር «መስኮት ክፈቱ» የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ ግን አይበቃም። ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል። መስኮቱ ደረት ላይ ከሆነ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለው ጭስ መውጫ አጥቶ ይንሳፈፋል፤ እዚያው ደግሞ የቆመ ሰው አፍንጫ አለ። ስለዚህ መውጫው ከምድጃው በላይ፣ በጣሪያው አናት መሆን አለበት። ጭስ ማውጫ ቱቦ ከሆነም ጫፉ ከጣሪያው አናት ካላለፈ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል። ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ከታች፣ በትይዩው ግድግዳ ይሁን። መግቢያና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ አየሩ ገብቶ ወዲያው ይወጣል፤ የቀረው ክፍል እንደታፈነ ይቀራል።

አሁን በከተማው አዳዲስ ቤቶች ስለሚገጠመው የአየር ማስወጫ ፋንም ሕጉ አንድ ነው። ከተከፈተ መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ፋን የመስኮቱን አየር ስቦ መልሶ ውጭ ይጥላል። ወደ ኮርኒስ ውስጥ የሚተነፍስ ፋን እንፋሎቱን እንጨቱ ላይ አጠራቅሞ ያበሰብሰዋል። በሩ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ደግሞ ፋኑ የሚስበው አየር ስለሚያጣ የምድጃውን ጭስ ከቱቦው መልሶ ሊጎትት ይችላል። መብራት ሲጠፋማ ፋኑ የተዘጋ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መተንፈሻው፣ ከዚያ ፋኑ።

«ቀዳዳ ከተበጀ ብርዱን ማን ይችለዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ማብሰያውን ከመኝታው መለየት እንጂ ሁሉንም ማፈን አይደለም። የሚተኛ ሰው በጋቢና በብርድ ልብስ ይሙቅ፤ በከሰል ማንደጃ ግን በፍጹም። ከሰል ሲቀላ ጭሱ ስለሚጠፋ ደኅና ይመስላል። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ሕግም ምክርም አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ክፍሎች በቂ ብርሃንና አየር እንዲያገኙ ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከፓኬጆቹ አንዱን ለጤናማ መኖሪያ ቤት ሰጥቷል። የጎደለው ነገር ቦታው በፕላን ላይ መጻፉ ነው። ግንባታ የሚፈቅደው ባለሙያ ስለ ወሰን እንደሚጠይቅ ሁሉ «የማድቤቱ ጭስ በየት ይወጣል?» ብሎ ይጠይቅ። ፕላን በማይጠየቅበት ገጠር ደግሞ ጥያቄው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የአናጺው ይሁን፤ ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት። ጣሪያው ካለቀ በኋላ መቅደድ ወጪ ነው፣ ዝናብም ያስገባል።

አባወራውም ድርሻ አለው። በብዙ ቤት ገንዘቡ ሳሎኑ ላይ አልቆ ማድቤቱ በተረፈው ይሠራል። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ እንግዳ አልፎ አልፎ ከሚቀመጥበት ክፍል በፊት፣ እናት በየቀኑ የምትተነፍስበት ክፍል ይታሰብ።