ቀለበቱን አዙሩልና!

እኛ ዛሬ ጠብ አለን። መጀመሪያ ከራሳችን ጋር፣ ቀጥሎ ከሙያ ጓደኞቻችን ጋር፣ ጊዜ ከተረፈን ደግሞ ከስዊዞች ጋር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተመረቅን ሰሞን ስሙን የማንጠራው አንድ መጽሔት “ታላላቅ ብራንዶችን እንተዋወቅ” ዓይነት ዓምድ ነበረውና ስለ ብራይትሊንግ የአብራሪ ሰዓቶች አንድ ገጽ አምጡ ተባልን። አመጣን። እንዴት አመጣችሁ አትሉም? ብሮሸሩን ከፊታችን ዘርግተን ወደ አማርኛ ገለበጥነዋ! “ግርማ ሞገስ”፣ “የሰማይ ጌቶች ምርጫ”፣ “ዘመን የማይሽረው”… ዓመታት የተማርነውን “ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ለምን” ቦርሳችን ውስጥ ከተትነው። የሚከፈለን በገጽ ነበር።

እናላችሁ፣ በቀደም ሁለታችን ቦሌ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ሳለ የባች ጓደኛችን እጅጌውን ጠቅለል አድርጎ መጣ። ናቪታይመር አስሯል! ኦርጅናል እንዳይመስላችሁ፣ ኮፒ ነው። ለኮፒውም ቢሆን የዕቁብ ብሩን ሙጥጥ አድርጎ ሰጥቶ፣ የጎደለውን ተበድሯል። “የእናንተን ጽሑፍ አንብቤ ነው የወደድኩት” አለን። ማኪያቶው አነቀን።

“ይሄ ዙሪያውን የተደረደረው ቁጥር ምን ይሠራል?” አልነው።

“ዲዛይን ነው” አለ። ቀጠለና ደግሞ፣ “ለሴት ግን ትልቅ ነው፣ ይከብዳችኋል” ብሎ ጨመረልን።

እሺ። ያኔ መጻፍ የነበረብንን አሁን እንጽፈዋለን።

ሌዎን ብራይትሊንግ በስዊዘርላንድ፣ ሳንቲሚዬ በምትባል ከተማ ወርክሾፑን የከፈተው በ1884 ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ከወዲሁ እንስማማ)። ቤቱ ስሙን ያተረፈው በክሮኖግራፍ ነው፤ ሲጫኑት የሚነሳ፣ ሲጫኑት የሚቆም። በ1934 ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልስ ሁለተኛ ቁልፍ አስመዘገቡ። ዛሬ ክሮኖግራፍ ጎን ላይ ሁለት ቁልፍ ስታዩ ነገሩ ወደዚያ ይመለሳል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ክሮኖማት መጣ፣ በ1952 ደግሞ ናቪታይመር። የአሜሪካ የአውሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበር አባሎቹ በሥራቸው ላይ የሚጠቀሙበት ሰዓት ፈልጎ ነበር። ስሙም ናቪጌሽንና ታይመር ተጋብተው የወለዱት ነው።

አሁን ወደ “ዲዛይኑ” እንምጣ። ያ ዙሪያው ሁሉ ክብ ስላይድ ሩል ነው፤ ካልኩሌተር ሳይመጣ በፊት የኢንጂነሮች እጅ ላይ የነበረው ማስሊያ ተጠቅልሎ ሰዓት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። የውጪው ቀለበት ይዞራል፣ የውስጡ ቆሞ ይጠብቀዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ቁጥሮቹ እኩል አልተራራቁም፤ ከ10 እስከ 20 ሰፊ ሜዳ ነው፣ ወደ 90ዎቹ ስትደርሱ ግን እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠጋግተዋል። የተንኮሉ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ሎጋሪዝም ነው፤ ርቀት ስትደምሩ ቁጥሩ ይባዛል።

በ1950ዎቹ ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው እንበል። ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል ነው። የውጪውን 12 ከውስጡ 60 አንጻር ያቆማል። የሚቀረው መንገድ 180 ማይል ከሆነ በውጪው ቀለበት ላይ 18ን ይፈልግና ከሥሩ ያለውን ያነባል፦ 90። ዘጠና ደቂቃ። በአንድ እጅ መሪ ይዞ፣ በሌላው ቀለበቱን ነካ አድርጎ። ነዳጁ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆየውም በዚሁ ያውቃል። ዜሮውን የሚጨምረው ግን ራሱ ነው፤ ቀለበቱ 18 ይሁን 180 አይነግረውም፣ ጭንቅላቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። እኛ በዚህ ሰዓት የምንወደው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

አውሮፕላን የለንም ትሉ ይሆናል። ቫት አለባችሁ አይደል? 11.5ን ከ10 አንጻር አቁሙና እንደተቆመ ተዉት። ከዚያ በኋላ የማንኛውንም ዋጋ ከውስጥ ፈልጉ፣ 15 በመቶ የተጨመረበት ከውጪ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። 24 ላይ 27.6 ይላል። እኛ በዚያ ገጽ ላይ ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልጻፍንም። ስለ ማሰሪያው ቆዳ ግን አንድ አንቀጽ ሙሉ!

ኮስሞኖት የሚባለውንም እንዲሁ አበላሸነው። ግንቦት 24 ቀን 1962 (አሁንም በፈረንጁ) ስኮት ካርፔንተር በአውሮራ 7 ምድርን ሦስት ጊዜ ሲዞር፣ እጁ ላይ ገጹ ወደ 24 ሰዓት የተከፋፈለ ናቪታይመር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚያ ላይ ጀንበር በአንድ ሰዓት ተኩል አንዴ ትወጣለች፣ ቀንና ሌሊቱ ይምታታል። ጀንበር ስትወጣ 12 ሰዓት ብለን ለምንጀምር ለእኛ ይህ ቶሎ ሊገባን ይገባ ነበር። ካርፔንተር ከታሰበው ቦታ 400 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ባሕር ላይ አረፈ። እስኪያነሱት ሰዓታት ፈጀ፣ ሰዓቱንም ጨው ውኃ ገብቶ ገደለው። ኩባንያው ራሱ በ2022 ያንን የተበላሸ ሰዓት እንዳለ አውጥቶ ለሕዝብ አሳየ። እኛ ግን “ጠፈርን ያሸነፈ” ብለን ጻፍን። ከባለቤቱ በላይ!

ኢመርጀንሲ ደግሞ አለላችሁ፣ 1995 ላይ የወጣው። ጎኑ ላይ ያለውን ክዳን ፈትታችሁ አንቴናውን ስትስቡት በ121.5 ሜጋኸርዝ የድረሱልኝ ምልክት ያስተላልፋል። ቀልድ የለበትም፤ ገዢው አላግባብ እንዳይስበው ይፈርማል። ታዲያ ብሮሸር ገልባጮች ያልነገርናችሁ ነገር አለ። ሳተላይቶች ያንን ሞገድ ማዳመጥ ያቆሙት በየካቲት 2009 ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌውን የሚሰማው በአቅራቢያ የሚያልፍ አውሮፕላን ወይም ፈላጊ ቡድን ነው። ሳተላይት የሚሰማውን 406ን የጨመረው ሁለተኛው ኢመርጀንሲ በ2013 ይፋ ሆነ። አሮጌውን “ያው ነው” ተብሎ የገዛ ሰው በረሃ ላይ ሆኖ አንቴናውን ሲስብ አስቡት። “ለምን” እና “መቼ” ቦርሳ ውስጥ ሲቀሩ እንዲህ ነው የሚሆነው።

የቀረውን ታሪክ በሩጫ። ኳርትዝ መጥቶ ቤቱን ሊዘጋው ሲል በ1979 አብራሪና ኢንጂነር የነበረው ኧርነስት ሽናይደር ገዛው፤ በ1984 ከጣሊያን የአየር ትርዒት ቡድን ጋር የተሠራው አዲሱ ክሮኖማት ወጣ፤ በ2009 ቢ01 የተባለው የራሱ ሞተር መጣ፤ በ2017 ደግሞ አብዛኛውን ድርሻ ሲቪሲ የተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ወሰደው።

አንዳንዱ አንባቢ አሁን ተነስቷል። “ልጆች፣ ዛሬ ማንም አብራሪ በቀለበት አያሰላም፣ ጂፒኤስ አለ። ሰው የሚገዛው ውበቱን ነው።” ተስማምተናል! የስዊዙ ክሮኖሜትር ምስክር ወረቀት ራሱ በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ይፈቅዳል። ከ1989 ጀምሮ የምናውቃት ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው በወር 30 ሰከንድ ብትስት ነው። ጊዜ ለማወቅ ብሎ በ2022 በ9 ሺህ ዶላር ገደማ ናቪታይመር የገዛ የለም። እናቶቻችን የወርቅ አምባር ሲያደርጉ ምን ይሰላበታል ብለን ጠይቀን አናውቅም፤ እነሱም “የአብራሪ መሣሪያ ነው” ብለው አያውቁም። ጌጥ ከሆነ ጌጥ በሉት። መሣሪያ ካላችሁት ግን እንዴት እንደሚሠራ ንገሩን። ሁለቱንም ስም ይዞ በሁለቱም መሸጥ፣ እኛም በሁለቱም ማጨብጨብ፣ ይሄ ነው ያንገበገበን።

ለስዊዞቹም አንድ ነገር አለን። በ2020 ለሴቶች ብለው ያወጧት 35 ሚሊ ሜትር ናቪታይመር አለች። ስሟ ያው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዟ ያው። የሚያሰላው ቀለበት ግን የለም። አውጥተውታል! ማባዛት የሚከብደን እኛ ነን? በስታቲስቲክስ ኤ ያመጣችው ከሁለታችን አንዷ፣ ኤፍ ያመጣው ደግሞ “ይከብዳችኋል” ባዩ ጓደኛችን ነው (ይቅርታ፣ ምስጢር ነበር)። እኛስ በገጻችን ላይ ስለ ያቺ ሰዓት ምን አልን? “ቀለል ያለች፣ ለእመቤቶች የምትመች።” በገዛ እጃችን!

ለማንኛውም ያን ዕለት ሂሳብ ሲመጣ የጓደኛችንን እጅ ሳብ አድርገን 11.5ን ከ10 አንጻር አቆምን። ቀለበቱ ይዞራል፣ እግዜር ይስጠው። 24 ላይ ስንሄድ ግን የሚለው 25.5 ነው። ደግመን ሞከርን፣ ያው። ጠጋ ብለን ስናይ ለካ ቁጥሮቹ እኩል እኩል ተራርቀው ነው የታተሙት፤ ማባዛቱ ቀርቶ ይደምራል። ሦስት ማኪያቶ በ80፣ 240 ብር። በሱ ሰዓት 255፣ አስተናጋጇ ባመጣችው ደረሰኝ 276።

እጁን ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አወረደ። ብድሩ ገና 4 ወር ይቀረዋል። 276ቱን እኛ ከፈልን፤ ከዚያ ገጽ ላይ ካገኘነው ነው ብላችሁ ቁጠሩት።