ዕቃው ቢቃጠልም ገንዘቡ የደንበኛው ነው

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ የሁሉም ዓይን የሄደው ወደ ሱቆቹ ነበር። ተገቢም ነው። የዕድሜ ልክ ጥሪቱ በአንድ ሌሊት አመድ የሆነበት ነጋዴ ቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል። ነገር ግን መርካቶ ውስጥ አንድም መደብ ሳይኖራቸው፣ የመርካቶ ሱቅ በተቃጠለ ቁጥር አብረው የሚቃጠሉ ሻጮች አሉ። የዕቃውን ፎቶ ከባለሱቁ ወስደው በቴሌግራም ቻናላቸው ወይም በቲክቶክ ገጻቸው ይለጥፋሉ፤ ደንበኛ ሲያዝ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበላሉ፤ ዕቃውን ከሱቁ አንስተው በሞተረኛ ይልካሉ፤ በመሃል የምትቀረዋን ትርፍ ይዘው ያድራሉ። ብዙዎቹ ንግድ ፈቃድ የላቸውም። መጋዘናቸው የኪራይ ቤታቸው ጥግ ነው፤ ኢንሹራንስ የሚባለውንም አያውቁትም። የተጎጂዎች ስም ሲመዘገብ ምን ብለው ይሰለፋሉ?

ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ይበልጥ የማይታይ ሰው አለ፤ ገንዘቡን ልኮ፣ ስክሪንሾቱን አያይዞ፣ «መቼ ነው የሚደርሰኝ?» እያለ የሚጠብቀው ደንበኛ።

ዛሬ ባለው አሠራር አደጋ ሲደርስ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው ሕግም ስምምነትም አይደለም። በዚያች ሰዓት ገንዘቡ የነበረው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ይከስራል፤ ዕቃውን በዱቤ ያነሳ ሻጭ ይከስራል፤ ቀሪው «የእግዜር ቁጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የኦንላይን ገበያችን ዳኛ እንደሌለው ዕቁብ ሆኗል፤ ሁሉም በመተማመን ይጥላል፣ አንዱ ሲቀር ግን የሚጠይቅ የለም። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፦ ዕቃው ደንበኛው እጅ እስኪገባ ድረስ የተከፈለው ገንዘብ የደንበኛው ነው። አደጋው የቱንም ያህል ድንገተኛ ቢሆን ይህን አይለውጠውም።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1791 እና 1792 ባለዕዳው በተለምዶ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ ግዴታውን መፈጸም ፍጹም የማያስችለው ነገር ሲያጋጥም ነፃ ያወጣዋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ምሳሌዎቹን ይዘረዝራል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅ፣ ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም። እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች የሚስቱት ነገር አለ። ሕጉ ሻጩን ከካሣ ያድነዋል እንጂ የሰው ገንዘብ ይዞ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ብሩም ወደ ነበረበት ኪስ። ደግሞም ነገሩ ከበደ ማለት የማይቻል ሆነ ማለት አይደለም። የተቃጠለው ሱቅ ውስጥ የነበረው ጫማ ሌላ ተራ ካለ፣ ተወደደ እንጂ አልጠፋም።

ዋጋው ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው ያስለቀሰው እሱ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከቻይና፣ ከዱባይና ከቱርክ በቅድመ ትዕዛዝ ዕቃ የሚያስመጡ ትንንሽ ሻጮች በዚያን ጊዜ የተቀበሉት በብር ነው፤ የሚከፍሉት ግን በዶላር። በሐምሌ መጀመሪያ በተቀበሉት ብር በነሐሴ ግማሹን ዕቃ ማምጣት የሚቸግር ሆነ። ሕጉ ላይ ብቻ ብንቆም መልሱ ጨካኝ ነው፤ አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ወይም ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱን ከአቅም በላይ አድርጎ አይቆጥርም። ከእናቷ በተበደረችው ብር ልብስ የምታስመጣን ወጣት «በድሮው ዋጋ አምጪ» ብሎ ማስገደድ ግን እሷንም ደንበኞቿንም ባዶ እጃቸውን ያስቀራል። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፤ ምርጫው የደንበኛው ይሁን። ልዩነቱን ጨምሮ ዕቃውን ይውሰድ፤ ካልፈለገ የከፈለው ሳይሸራረፍ ይመለስለት። ገንዘቡን ለወራት ይዞ ቆይቶ «ጨምሩ፣ አለበለዚያ ጠብቁ» ማለት ግን ንግድ ሳይሆን ያለ ወለድ መበደር ነው።

ሌላው አደጋ ጭስ የለውም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቆይ፣ በ2015 ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወራት ሲታገዱ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘልቅ፣ የአንድ ሰው ሱቅ በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ያህል ነበር። ቪፒኤን የቻለ ተሹለከለከ፤ ያልቻለ ተቀመጠ። ለበዓል ለእናቱ በግ ወይም ኬክ ከውጭ አገር ሆኖ ያዘዘው ዘመድ ሳይቀር ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግራ ገባው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመንግሥት ክልከላን ከጎርፍና ከመብረቅ ጋር በአንድ ዝርዝር ማስቀመጡ ብዙ ይናገራል። ልዩነቱ ጎርፉን የሚያዘው አለመኖሩ ነው፤ ኢንተርኔቱን ግን የሚዘጋው ሰው ነው። ዲጂታል ኢትዮጵያን እንገነባለን እያለ በሌላ እጁ መስመሩን የሚቆርጥ መንግሥት የሚያደርሰውን ኪሳራ ቢያንስ ሊቆጥረው ይገባል።

በእነዚያ ቀናት የታየ አንድ ጉድለት ግን የመንግሥት አይደለም። በብዙ ቦታ ስልክ ይሠራ ነበር። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት በ*127# ገንዘብ መመለስ ይቻላል። ብዙ ሻጮች ግን ደንበኛቸውን የሚያውቁት በቴሌግራም ስሙ ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ሲጠፋ ደንበኛውም አብሮ ጠፋ። የእያንዳንዱን ትዕዛዝ ስልክ ቁጥር፣ የተከፈለውን ብርና ቀኑን በአንድ ደብተር መጻፍ ምን ያህል ያስቸግራል? የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ይዞ ስንት ዘመን ኖሯል።

ከሁሉ የሚከፋው ዝምታው ነው። ዕቃው የተቃጠለበት፣ ጉምሩክ የያዘበት፣ ራሱ የታመመ ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ስልኩን ማጥፋት ወይም ደንበኛውን ብሎክ ማድረግ ነው። ከክፋት ይልቅ ሐፍረቱና ድንጋጤው እንደሚያመዝን እንገምታለን። ለደንበኛው ግን ከአጭበርባሪ የሚለይበት ምንም ምልክት የለም፤ አጭበርባሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። በመጀመሪያው ቀን «ይህ ደርሶብኛል፣ ገንዘባችሁን በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ብሎ የለጠፈ ሻጭ ደንበኛውን ይዞ ይቀራል። ደንበኞችም በበኩላቸው ማስረጃ ሳይኖራቸው ፎቶ ለጥፈው «ሌባ» ከማለታቸው በፊት አንድ ስልክ ይደውሉ። ስም አንዴ ከጎደፈ ገንዘቡ ቢመለስም አይጸዳም።

መፍትሔው ግን ለሁለቱ ወገኖች ደግነት ብቻ ሊተው አይገባም። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አገልግሎት ለሰዓታት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ ዛሬ ገበያው በጥቂት የክፍያ መስመሮች ላይ ተንጠልጥሏል። እነዚህ ተቋማት ከዝውውር ክፍያ በላይ ሊያደርጉ የሚችሉት አለ፤ ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ ዕቃው እስኪደርስ በመሃል የሚቆይበት፣ ካልደረሰ ራሱ የሚመለስበት አገልግሎት። ሌላ አገር የተለመደ ነው፤ ቴክኖሎጂውም የሚያቅታቸው አይመስለንም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ስለዚህ በቴሌግራም የተጻፈው «ደርሶኛል፣ ነገ እልካለሁ» ባዶ ቃል አይደለም። ይሁን እንጂ ለ2,000 ብር ጫማ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው የለም። ንግድ ቢሮዎች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ክርክሮችን በስልክና በመልእክት ተቀብለው በቀናት ውስጥ የሚጨርሱበት መስኮት ይክፈቱ።

ፈቃድ የማውጣቱም ነገር ከቅጣት ይልቅ በጥቅም ይጀምር። ከቤቱ የሚሸጥ ሰው ያለ ሱቅ አድራሻ በቀላሉ ይመዝገብ፤ የተመዘገበም አደጋ ሲደርስ በተጎጂዎች ዝርዝር ይግባ፤ በሚመጣው ብድርና ድጋፍም ከባለሱቁ እኩል ይታይ። የከተማ አስተዳደሮች ከሚቀጥለው ቃጠሎ ወይም ጎርፍ በኋላ መዝገብ ሲከፍቱ፣ የሱቅ ቁልፍ የያዘውን ብቻ ሳይሆን የትዕዛዝ ደብተርና የክፍያ ማስረጃ ይዞ የሚመጣውንም እንዲመዘግቡ እንጠይቃለን።