ኮምፒዩተሩ ከመጣሉ በፊት ድራይቨሩ ይታይ

በወላይታ ዞን ዲምቱ ከተማ ያለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እንውሰድ። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒዩተር ለዓመታት እንጀራ ሲያበላ ኖሯል። ባለቤቱ አዲስ የኢንተርኔት ሞደም ገዝቶ ሲሰካ ግን ኮምፒዩተሩ አላውቀውም ይላል። የፈተና ውጤት ሊያይ የመጣው ተማሪ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ኮምፒዩተሩን ይዞ ሶዶ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው ምክር ብዙ ጊዜ «ይህ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» የሚል ነው።

በእኛ አስተያየት ይህ ምክር ለሻጭ እንጂ ለገዢ አይበጅም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር እጅግ ወርዷል። ከውጭ የሚመጣ ኮምፒዩተር በዋዛ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም።

ለመሆኑ ጠቡ ከምን ይመጣል? ድራይቨር ሞደሙንና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። ግጭቱ በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች ይነሣል። አንደኛ፣ ለ32 ቢት የተሠራ ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ሞደም ፕሮግራም ሳይነቀል ቀርቶ አዲሱ የሚፈልገውን ፖርት ይዞ ይገኛል። ሦስተኛ፣ አዳዲስ ድራይቨሮች ኤስ.ኤች.ኤ. 2 በሚባል ዲጂታል ፊርማ የታተሙ ናቸው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ደግሞ ይህን ፊርማ የሚቀበለው ማይክሮሶፍት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው ማሻሻያ ሲጫንለት ነው።

መፍትሔው አሮጌውን ፕሮግራም ነቅሎ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ ማሻሻያውንና ተስማሚውን ድራይቨር መጫን ነው። ችግሩ እነዚህ የሚገኙት በኢንተርኔት መሆኑ ነው፤ ሞደሙ ካልሠራ ኢንተርኔት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሻጩ ድራይቨሩን በፍላሽ ገልብጦ ከዕቃው ጋር ሊያስረክብ፣ ሞደሙ በየትኛው ዊንዶውስ እንደሚሠራም በደረሰኙ ላይ ሊጽፍ ይገባል። ገዢም ኮምፒዩተሩን ይዞ ሄዶ ሳያስሞክር ገንዘቡን አይክፈል።

እርግጥ ነው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል። በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የባንክ ሥራ መሥራት አደጋ አለው። ለጽሕፈትና ለውጤት ማያ ግን ዕድሜው ገና አላለቀም። ነጋዴው ኮምፒዩተሩን የሚለውጥበትን ቀን በኪሱ አቅም ይወስን፤ የአንድ ድራይቨር መጥፋት አይወስንለት።