«ጀመርን እንዴ?»

የዚህ አምድ ጸሐፊ ሰሞኑን ከጆሮው አልወጣ ያለው የአንዲት ተማሪ ጋዜጠኛ ሳል ነው። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ኤፍኤም ጣቢያ ዜና ልታነብ ተቀምጣለች። ማይኩ መከፈቱን ሳታውቅ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ወረቀቷን አገላበጠች፤ አጠገቧ ላለው ሰው «ጀመርን እንዴ?» አለችው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ድምጿን ወፈር አድርጋ የጠፋ የተማሪ መታወቂያ ማስታወቂያ አነበበች። ጸሐፊው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሰማት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኤፍኤም 99.4 እና የጅማ ዩኒቨርሲቲው ኤፍኤም 102 ለተማሪ የሚሰጡት ትልቁ ነገር፣ በጸሐፊው ግምት፣ ይህችው በሰው ፊት የመሳሳት ዕድል ናት። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ሳሉን ቆርጠው ይጥሉታል፤ ሰውየውም አብሮ ይቆረጣል።

እንዲህ ያለ ጣቢያ በደቡብ ወሎዋ የመካነ ሰላም ከተማ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። የኤፍኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ነጥሮ አይመለስም፤ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ተራራ ሲያገኝ ይጋረዳል። ከተማዋ ያለችበት የቦረና ደጋ ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ እስኪወርድ ድረስ ገደልና ሸንተረር ነው። መሐንዲስ ይህን ጉድለት ይለዋል፤ ጸሐፊው ግን ይወደዋል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ግቢ አለው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ማሰራጫ ብትተከል ድምፅዋ ከባጃጅ ተራው፣ ከጠላ ቤቱና ተማሪ ከተከራየው የጭቃ ቤት ብዙም አያልፍም ነበር። ያቺ ልጅ እዚያ ብታስል፣ ቡና የምትቆላው አከራይዋ «እማዬን፣ ዛሬም ብርድ መትቷታል» ትል ነበር።