ኦቴሎ የቅናት ቴአትር አይደለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ተናድጄ እንደምጽፍም ካሁኑ ልናገር።

ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ በቴሌግራም የሚዞር ሾርት ኖት አሳየኝ። ስለ ኦቴሎ ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ዋና ገጸ ባሕርይ ኦቴሎ፣ ክፉው ገጸ ባሕርይ ኢያጎ፣ ጭብጡ ቅናት። አለቀ። «ቲቸር፣ ለፈተና ይኼ ይበቃል አይደል?» አለኝ። ለፈተና ይበቃው ይሆናል። የኔ ንዴት ሌላ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል በታክሲ ስወርድ ሬዲዮኑ ዜና ያወራል። ባል ሚስቱን ገደለ፤ «በቅናት ተነሳስቶ» ይላል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ምን አድርጋው ይሆን?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩም፤ ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። የዜናው ቃልና የሾርት ኖቱ ቃል አንድ ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ አንዳችን አስተምረነው ያለፈ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩን ለረሳችሁ፦ ኦቴሎ በቬኒስ የሚያገለግል ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። ዴዝዴሞናን በአባቷ ሳይፈቀድለት ያገባል። ሹመት የቀረበት ኢያጎ ሚስትህ ከካሲዮ ጋር ናት ብሎ ያሳምነዋል፤ ማስረጃው አንድ መሐረብ ነው። ኦቴሎ ይገድላታል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሼክስፒር ቴአትሮች አንዱ ነው፤ ስለዚህ «የፈረንጅ ነገር» እያላችሁ አታምልጡኝ። በዲፕሎማ ሼክስፒር ምን አገባህ የምትሉኝም ኢንቦክስ ሳይሆን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ ተማሪዎቼ ይመልሱላችኋል።

በማግስቱ ትዕይንቶቹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ክፍል ገባሁ። ከገቢር ሦስት ትዕይንት ሦስት ጀመርን። ገና ሳንሄድ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ እሷም እኮ መሐረቡን ባትጥለው ኖሮ…» አለ። ግማሹ ክፍል ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዲት ልጅ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት፣ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ «እሷ አልጣለችውም። ራሱን አሞት ልታስርለት ስትል እሱ ነው ገፍቶ የጣለው» አለች።

ዝም ተባለ። ሁላችንም ፈለግነው። እውነቷን ነው። ኦቴሎ መሐረቡ ትንሽ ነው ብሎ ይገፋዋል፣ ይወድቃል፣ ተያይዘው ይወጣሉ። በኋላ የት አደረስሽው ብሎ የሚያፋጥጣት ራሱ ነው። በዚያ ላይ ስለ መሐረቡ ሁለት የተለያየ ታሪክ ይናገራል፤ አንዴ አንዲት ግብጻዊት አስማተኛ ለእናቴ ሰጠቻት ይላል፣ ከገደላት በኋላ ደግሞ አባቴ ለእናቴ የሰጣት ነው ይላል። የቱ ነው እውነቱ? ሾርት ኖቱ ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም። ቴአትር ማንበብ ማለት ግን እንደዚህች ልጅ ወረቀቱ ላይ ጣት መትከል ነው።

ስለ ኢያጎ አንደበት ብዙ ማለት ይቻላል። እዚያ ትዕይንት ላይ ቀጥተኛ ውሸት አብዝቶ አይናገርም። የኦቴሎን የገዛ ቃሉን በጥያቄ መልክ ይመልስለታል፣ ይጀምርና ያቋርጣል፣ እኔ ተጠራጣሪ ስለሆንኩ ነው እርሶት ይላል። ይህን ዘዴ ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ የማያውቀው ሰው የለም። «እኔ ምን አውቄ… ተወው በቃ… አይ፣ ምንም አይደል።» ሰምና ወርቃችን ብለን የምንኮራበት ነገር እንዲህም ይሠራል። ቴአትሩ ውስጥ ደግሞ ሰዎች እየደጋገሙ ታማኙ ኢያጎ ይሉታል። ተማሪዎቼን ቃሉ በተገኘበት ሁሉ አስምሩበት አልኳቸው፤ ወረቀቱ ቀለም በቀለም ሆነ።

የኦቴሎስ? በገቢር አንድ የአባቷን ክስ በመሳፍንቱ ፊት የሚረታው በንግግሩ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰፊ፣ ታሪክ አዋቂ ሰው ነው። በገቢር አራት ያ ቋንቋ ይሰባበራል፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተውና ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሲነቃ በእንግዶች ፊት በጥፊ ይመታታል። እዚህ ላይ ዛሬ የሚነገረው እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ አለን፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። «ከጥፊው በፊትና በኋላ ምን ብሎ ይጥራት?» ብዬ በቡድን አስጻፍኳቸው። አብዛኛው ከ«እመቤቴ» ወደ «አንቺ» አወረዳት። አንድ ቡድን ግን ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ወሰዳት፤ አባቷ ሲናደድ እናቷን እርስዎ እንደሚላት አንዷ ነገረችን። ሠላሳ ደቂቃ ተከራከርን፣ ደወል ተደወለ፣ ማንም አልወጣም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ምዕራፉን መቼ ልትጨርስ ነው?» አለኝ። አልጨረስኩም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። «ቀንቶ ነው» የሚለው ቃል ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከራሱ ከኦቴሎ። መጨረሻው ላይ፣ ሬሳዋ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ እሱ ስለ እኔ ስትጽፉ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ እያለ ለሹማምንቱ ያዛቸዋል፤ አብዝቶ የወደደ፣ በቀላሉ የማይቀና፣ ግን ተገፋፍቶ የተሳሳተ ሰው ነበር በሉ ይላል። የገዳይ የመከላከያ ቃል ነው። እኛ ደግሞ ጭብጥ ብለን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው!

ሕግ ያጠና የቀድሞ ተማሪዬን ደውዬ ጠየቅሁት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 541 በብርቱ ስሜት ተገፋፍቶ ለተፈጸመ ቀላል የሰው ግድያ ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይላል፤ አስቦና ተዘጋጅቶ ለገደለ ግን አንቀጽ 539 አለ፣ እሱ እስከ ሞት ያስቀጣል። ታዲያ ትዕይንቶቹን ቁጠሩ። ገቢር ሦስት ላይ ተንበርክኮ ይምላል፣ ካሲዮ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲሞት ያዛል። ገቢር አራት ላይ መርዝ አምጣልኝ ይላል፤ ኢያጎ አልጋዋ ላይ እነቃት ሲለው ያ ፍትሕ ደስ ያሰኘዋል። ከዚያ ሂጂ ተኚ፣ ኤሚሊያንም አሰናብቻት ብሎ ያዛታል። መብራት ይዞ ይገባል። እሷ የዛሬን ሌሊት ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብላ ትለምነዋለች። ይኼ ድንገተኛ ስሜት ነው?

አልቀናም አላልኩም፤ ቀንቷል። ቬኒስ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ በቆዳው ቀለም ስትሰድበው እንደኖረች፣ ኢያጎም ያንን ቁስል እንደነካካው አውቃለሁ። ባናፍቀውና ባናዝንለት ኖሮ ትራጄዲ አይሆንም ነበር። ግን ማዘን አንድ ነገር ነው፣ ቃሉን ተቀብሎ መፈረም ሌላ።

ለኔ የዚያ ቴአትር ከባዱ ሰው ኤሚሊያ ናት። መሐረቡን አንስታ ለባሏ የሰጠች እሷ ናት። እመቤቷ የት ጠፋብኝ ብላ ስትጨነቅ እያወቀች አላውቅም ያለች እሷ ናት። ዴዝዴሞና እየሞተች ማን ነው ይህን ያደረገው ስትባል ማንም፣ እኔው ራሴ ብላ ባሏን ትሸፍናለች። ክፍሉ ውስጥ አንዷ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው እንደሚሉት» አለች፤ ማንን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። ያኔ ነው ኤሚሊያ አፏን የምትከፍተው። ባሏ ዝም በይ፣ ቤትሽ ሂጂ ይላታል፣ ሰይፍ ይመዝባታል፤ አትሄድም። ተናግራ ትጨርሳለች፣ ይገድላታል። የታክሲው ዝምታዬ ትዝ ያለኝ እሷን ሳነብ ነው።

የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ያን ሌሊት የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር እንደ ፖሊስ ዜና ጻፉ፣ «ቅናት» የሚለውን ቃል መጠቀም ክልክል ነው። ትናንት ከሰዓት፣ መስኮቱ ላይ የእንጦጦ ጉም ወርዶ ክፍሉ ጨልሞ፣ አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። አብዛኞቹ «የጦር አዛዥ የሆነው ኦቴሎ» ብለው ይጀምራሉ። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ተነሳችና «ዴዝዴሞና የምትባል ወጣት» ብላ ጀመረች። ከፊቷ የነበሩት ልጆች እስክሪብቶ አውጥተው የራሳቸውን መሰረዝ ጀመሩ።