ሎኬሽን አልልክም!

ከዘመን መለወጫ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተጥለቅልቋል። «ቲቸር፣ ያ አደይ አበባ የሞላበት ተራራ የት ጋ ነው? ሎኬሽን ላክልኝ።» አንዳንዱማ ሰላምታም የለው፤ «ፒን» ብቻ ብሎ ይጽፋል። በደሳ ያስተማርኳችሁ ልጆች ሳትቀሩ! ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልናገርና እንገላገል፦ አልልክም። የምታኮርፉ አኩርፉ።

አምና ፎቶውን የለጠፍኩት ከነቦታው ነበር። መኪና የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ዛፍ ጋ እንደሚታጠፍ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ሰው ይደሰት ብዬ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ስመለስ የማሳው ባለቤት በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አልጮኹብኝም። «ባርሲሳ፣ እንግዶችህ መጥተው ነበር» አሉኝና ወደ ማሽላው ይዘውኝ ገቡ። በማሽላው ሥር የተዘራው ቦሎቄ ተረግጦ መሬት ላይ ተለጥፏል። ድንበሩ ላይ ያለው ሳርና አደይ ሰው በተቀመጠበትና በተንጋለለበት ልክ ተደፍጥጧል። አንዱ ጥግ ላይ የውሃ ፕላስቲክ ተከምሯል። ያፈርኩት ማፈር!

እናንተ በፎቶ ስታዩት «የዱር ሜዳ» ነው የምትሉት። እስቲ ንገሩኝ፣ በደሳ ዙሪያ ባለቤት የሌለው ሜዳ የት አለ? መሬቱ ጠባብ ነው፤ ማሽላው፣ ቦሎቄው፣ ቡናው፣ ጫቱ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ነው የሚበቅለው። ለአደይ የቀረለት የማሳው ድንበርና የእርከኑ ጠርዝ ነው። ያ ጠርዝ ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የሚጠራው የሐረርጌ ሰንጋ እኮ ሜዳ ላይ ሲግጥ አይውልም፤ ደጅ ታስሮ፣ ከድንበሩ ሳር እየታጨደለት፣ ከማሽላው ውስጥ የበዛው እየተነቀለለት ነው የሚደልበው። እናንተ ተንጋላችሁ የተነሳችሁበት የዚያ በሬ እራት ነው። በሬው ደግሞ የልጆቹ ደብተርና የዓመት ልብስ ነው።

አደዩስ ቢሆን? በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል አበባ ነው። ዘር ሳይጥል በእቅፍ ነቅላችሁ ከተነሳችሁበት፣ ለሚቀጥለው መስከረም ምን ትተዋላችሁ?

ታዲያ «ቲቸር፣ ምዕራብ ሐረርጌን ማን ያስተዋውቅላት? ሁሌ ሰሜን፣ ሁሌ ባሌ፣ ሁሌ ገርዓልታ!» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔንም ያበሳጨኛል። ወደ ቁልቢና ወደ ሐረር የሚበረው መኪና አሰበ ተፈሪ ላይ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል እንጂ ቀና ብሎ ተራራውን አያይም። ግን አምና የመጡት መኪኖች ምሳቸውን ከአዲስ አበባ ቋጥረው መጥተው፣ ፎቷቸውን አንስተው፣ ፕላስቲካቸውን ጥለው ነው የተመለሱት። በደሳ ላይ አንድ ስኒ ሆጃ የጠጣ አልሰማሁም። ይሄ ማስተዋወቅ ከተባለ ይቅርብን።

የእኛ ብቻ ችግርም አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌክ ኤልሲኖር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ተራራው በብርቱካንማ አበባ ሲሸፈን ፎቶው ኢንስታግራምን ሞላው። ሰው በአሥር ሺዎች ጎረፈ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ አበባው ተረገጠ። በ2023 እ.ኤ.አ. አበባው በብዛት ሲመለስ ከተማዋ ገና ከጅምሩ ቦታውን ዘጋችው። እነሱ ፖሊስም አጥርም አላቸው። እኛ ሽማግሌው አሉን፣ በራቸው ላይ ቆመው።

የኩኒ ሙክታርንም የምትጠይቁኝ አላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም ለማይገኘው ለደጋ አጋዘን ተብሎ የተከለለ ተራራ ነው፤ ደኑ ምን ያህል እንደተመናመነ ያየ ያውቀዋል። እዚያ ፒን ብተክል የሚያየው ካሜራ የያዘ ብቻ ነው? ጠመንጃ የያዘውስ?

(በነገራችን ላይ፣ ፎቶው ሥር «የጸደይ አበባ» እያላችሁ አትጻፉ። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 በኋላ መፀው ነው፤ ጸደይ መጋቢት 26 ነው የሚገባው። ኦሮሞው ይህንን ወቅት ቢራ ይለዋል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ፈረንጅ «ስፕሪንግ» ስላለ ብቻ ግን አትተርጉሙ።)

ፎቶ አታንሱ አላልኩም። የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ፦ ቦታ ሳይሆን ሰዓት ፈልጉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ጎን ለጎን ሲመጣ እርከኑ ሁሉ መስመር መስመሩ ይወጣል። በቀትር ከመጣችሁ የትኛውም ተራራ ዝርግ ነው። ዝናብ ባባራ ማግስት አየሩ ጥርት ይላል፤ ሩቁ ሸንተረር የሚታየው ያኔ ነው። ከጭሮ ወደ በደሳ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ፣ ዳር ቆማችሁ፣ ከማሳ ሳትገቡ፣ የፈለጋችሁትን ታገኛላችሁ። መግባት ካማራችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። የሰፈሩን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለድካሙም ክፈሉት። ደግሞ ገበሬውን ከፎቶው ቆርጣችሁ አታውጡት፤ ተራራውን እርከን በእርከን የሠራው እሱ ነው።

ያን ቀን ለቦሎቄው ብር ላወጣ ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። «ገንዘብህን ተወው፣ ጽሑፉን አጥፋው» አሉኝ። እዚያው ቆሜ አጠፋሁት። ግን ስክሪንሾት ያነሳችሁ፣ በቴሌግራም የላካችሁ አላችሁ፤ ዘንድሮም አንድ መኪና ሙሉ ሰው ይዞት መጥቷል። እባካችሁ፣ ያለበት ሰው ዛሬውኑ ያጥፋልኝ።